ወንድሜ ዋስ ሁነኝ አለኝ፤ እንዴት ልንገረው?

አብረን የምንጸልይ ወንድም አለኝ። ለሥራ መነሻ ብድር ሊወስድ ነውና ዋስ ሁነኝ አለኝ። ቅጹን አንብቤዋለሁ። እሱ መክፈል ካቃተው ዕዳው ከነወለዱ ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጣል። ሌላ ገቢ የለኝም፤ ልጆች አሉኝ። ባለቤቴም እንዳልፈርም ትፈልጋለች።

ቃሉን ማገላበጥ ጀመርኩ። ምሳሌ 22፥26-27 ለሰው ዕዳ ዋስ አትሁን፣ የምትከፍለው ካጣህ የምትተኛበት አልጋ ሳይቀር ይወሰድብሃል ይላል። ማቴዎስ 5፥42 ደግሞ ሊበደርህ ከሚፈልግ ፊትህን አትመልስ ይላል። ይበልጥ የያዘኝ ግን ጳውሎስ ነው። ለፊልሞና ስለ ባሪያው ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሏል። ቢሆንም ጳውሎስ የተሸከመው ያለፈውን ዕዳ ነው፣ ገና የሚመጣውን አይደለም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ከቁጠባዬ የምችለውን፣ ባይመልሰውም ቅር ሳይለኝ ልስጥህ አልኩት። “ገንዘብ አልለመንኩህም፤ እመነኝ ነው ያልኩህ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስንገናኝ እንኳ ዓይኔን አያይም። አንድ ሽማግሌ አማከርኩ፤ “ጸልይበትና ወስን” አሉኝ። ጸለይኩ፤ ላለመፈረም ልቤ አርፏል።

የቸገረኝ አነጋገሩ ነው። ይሄን ወንድም ማጣት አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ፣ “አልፈርምልህም” ማለት “አላምንህም” ማለት እንዳልሆነ ለወዳጃችሁ እንዴት አስረዳችሁት?