ሰፈራችን ዳር የባትሪ ጣቢያ ሊተከል ነው፤ ስብሰባው ላይ ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ከሰፈራችን ዳር፣ ከልጄ ትምህርት ቤት 300 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በመንግሥት ገንዘብ ትልቅ የባትሪ ጣቢያ ሊተከል ነው። ቀን የተረፈውን ኃይል አጠራቅሞ ማታ ይለቃል ተብሏል። እኛ የሰማነው ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው። ሰዉ በጣም ተቆጥቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ እስከዚያው ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ወረቀቱ ለእኔም ደርሶኛል። "ጨረር ያመነጫል፣ ካንሰር ያመጣል" ይላል። እሱን አላመንኩበትም፤ የእሳቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የፀሐይና የነፋስ ኃይልን የምጠላ ሰው አይደለሁም። የትኛው ስጋት እውነት ነው? የትኛውስ ወሬ ነው? ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን የጨረር ነገር ከወረቀቱ አስወጡት። ባትሪው ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ነገር የለም። ዙሪያው ያለው የማግኔት መስክ ከትራንስፎርመር ዙሪያ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ራቅ ባልሽ ቁጥር ቶሎ ይደክማል። እሱን ይዛችሁ ከቀረባችሁ፣ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች እሱን ብቻ አፍርሰው ስብሰባውን ይዘጉታል። ዋናው ጥያቄያችሁ ሳይነሳ ይቀራል።

እሳቱ ግን እውነት ነው። አንድ የሊቲየም ሴል (ባትሪው የሚገጣጠምባት ትንሿ ክፍል) ሲበላሽ ሙቀቱ ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይለኩሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞስ ላንዲንግ የሚባል ቦታ ያለ ግዙፍ ጣቢያ ተቃጥሎ ከ1,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዋል። እዚያ ባትሪዎቹ የተደረደሩት በአንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከዚህ ጋር አውስትራሊያን አስተያዪው። በሐምሌ 2021 ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ባለ 300 ሜጋዋት ጣቢያ ገና በሙከራ ላይ እያለ እሳት ተነሳበት። ባትሪ የያዙ ከ200 በላይ ኮንቴይነሮች ነበሩት። ሜዳ ላይ ተለያይተው ስለቆሙ የተቃጠሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሰው አልተጎዳም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ ሕንፃ ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? በኮንቴይነሮቹ መሀል ስንት ሜትር አለ? ቀጥሎ የባትሪውን ዓይነት ጠይቂ። የብረት ፎስፌት ነው ካሉሽ፣ ኒኬልና ኮባልት ካለበት ይልቅ በቀላሉ አይቀጣጠልም። አይቃጠልም ካሉሽ ግን አትቀበይ። የዩኤል 9540ኤ የሙከራ ሪፖርትንም ጠይቂ። እሳት ከአንዱ ሴል ተነስቶ እስከ የት እንደሚደርስ የሚለካ ሙከራ ነው። ሪፖርቱ እዚያ የሚተከለው ሞዴል ራሱ የተፈተነበት መሆን አለበት፣ የሌላ ሞዴል አይጠቅማችሁም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ

ልጄ፣ እኔ የምጨምርልሽ ስለ ጋዙ ነው። ሰው ነበልባሉን ይፈራል፤ እኛ የምንፈራው ነበልባል ሳይኖር ጭስ ብቻ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ አንድ የባትሪ ክፍል ውስጥ ጋዝ ተጠራቅሞ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ፈነዳ። አራት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተጎዱ። ስለዚህ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ አለ ወይ? ጋዙ በየት ይወጣል? ብለሽ ጠይቂ።

"እሳት ቢነሳ ወዲያው እናጠፋዋለን" የሚል ባለሥልጣን ካጋጠመሽ ተጠራጠሪ። የዚህ ዓይነት እሳት ብዙ ጊዜ ነድዶ እንዲያልቅ ይተዋል። የሚደረገው በዙሪያው ያለውን በውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ የጠፋ መስሎም መልሶ ይነሳል። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? የተበከለው ውሃስ ወዴት ይፈሳል? ነፋሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢነፍስ ለርዕሰ መምህሩ የሚደውለው ማነው? ልጆቹ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግተው ይቆያሉ ወይስ ይወጣሉ? የአካባቢያችሁ የእሳት አደጋ ጣቢያስ ሠልጥኗል? ጣቢያው ድረስ ሄደሽ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ስላጠገባችን ፋብሪካ ከጎረቤት የሰማንበት ጊዜ ነበር።

መልስ፦ ጣቢያ አጠገብ የምኖር

ሁላችሁም ስለ እሳት ታወራላችሁ። እሳት በየቀኑ አይነሳም። እኔን ያሰቃየኝ ድምፁ ነው። ማቀዝቀዣዎቹ ሙቀት ባለበት ሌሊት አያርፉም፣ ኢንቨርተሮቹም (የባትሪውን ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ የሚቀይሩት መሣሪያዎች) ቀጭን ጩኸት አላቸው። አቤት ስንል "ድሮም ሰፈሩ ጫጫታ ነበር" ተባልን። ማስረጃ አልነበረንም። ድምፁን የሚያግድ ግንብ የተሠራልን ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ነው። እባክሽ ግንባታው ሳይጀመር የሌሊቱ ድምፅ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲለካ አድርጉ። ገደቡም በጣቢያው አጥር ሳይሆን በመኝታ ቤት መስኮት ላይ እንዲለካ ጠይቁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ከላይ ያሉት ምክሮች ጥሩ ናቸው። ግን ሁሉም "ይተከል፣ በጥንቃቄ" የሚል መንፈስ አላቸው። እዚህ ቦታ አይሆንም ማለትም መብታችሁ ነው። ስቶርም ኪንግ የሚባል ተራራ አለ፣ ከኒውዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ኃይል የሚያጠራቅም ጣቢያ እዚያ ሊሠራ አቀደ። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ተከራከሩ። በ1965 ፍርድ ቤቱ የመክሰስ መብት አላቸው፣ ፈቃድ ሰጪው አካልም ሌሎች አማራጮችን መመርመር አለበት አለ። ክርክሩ ቀጥሎ በ1980 ዕቅዱ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ስለ ዓሣው፣ ስለ ተራራው፣ በሌላ መንገድ ኃይል ስለማግኘት ማስረጃ ይዘው ነበር የቀረቡት።

ለእናንተም ቁልፉ "ለምን እዚህ?" የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ቅርብ መሆኑ ነው፤ መስመር መዘርጋት ውድ ነውና። ይህ ተገቢ ምክንያት ነው። ግን የታዩትን ሌሎች ቦታዎች ዝርዝር፣ የተጣሉበትንም ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ።

ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ ደግሞ ውሉን የማየት ጥያቄ አላችሁ። ወጪው ቢያሻቅብ ማን ይከፍላል? የአውስትራሊያው ስኖዊ 2.0 እንደዚያው ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ኃይል የሚያጠራቅም የመንግሥት ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በ2 ቢሊዮን የአገሩ ዶላር ይሠራል ተብሎ፣ በ2023 ግምቱ 12 ቢሊዮን ደርሷል። ባትሪው ሲያረጅስ የሚያነሳው ማነው? የማፍረሻው ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ አሮጌ ኮንቴይነር ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ፊርማ የሚያሰባስቡትን ጎረቤቶቼን ትናንት ማታ አገኘኋቸው። ጨረሩን አውጥተን በቦታው የትምህርት ቤቱን ርቀት፣ ጋዙንና የማፍረሻውን ገንዘብ አስገባን። አንዳንዶቹ "ለሰለሰ" ብለው ከፍቷቸዋል። እኔም ልቤ ሁለት ነው፤ ማከማቻው እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፣ ቦታው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ መድረኩ ላይ "ሁሉም ታስቦበታል" ብለው ቢያልፉንስ?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ጥያቄዎቹን ከስብሰባው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በደብዳቤ አስገቡ። የደረሰበትን ቀንና ማኅተም በእናንተ ቅጂ ላይ አስደርጉ። መድረኩ ላይ የሚሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር፣ ቃል የተገባው ነገር የፈቃዱ ግዴታ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሌላው፣ በሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይሰጣችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ርዕሱን አንብቡ። "ተሳታፊዎች" ይላል ወይስ "የተስማሙ"? ርዕስ የሌለው ከሆነ ከፊርማችሁ ጎን "ለመገኘት ብቻ" ብላችሁ ጻፉ።