በዕድሜ ማን ይበልጣል? የግሪንላንድ ሻርክ ወይስ የኦሪገኑ ፈንገስ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። እሱ የግሪንላንድ ሻርክን ያህል የሚኖር ፍጡር የለም ባይ ነው። እኔ ደግሞ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ፣ ማልሁር በሚባል ደን ሺህ ዓመታት የኖረ ፈንገስ እንዳለ አንብቤያለሁ። ግን አንዱ ጥልቅ ባሕር ውስጥ፣ ሌላው አፈር ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን እንዴት አወቁት?

ባዮ ተማሪ፦
የሻርኩ ምስጢር ዓይኑ ላይ ነው። የዓይን ሌንሱ እምብርት ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ይሠራና ከዚያ ወዲያ አይለወጥም። በ2016 የወጣ ጥናት የ28 ሴት ሻርኮችን ሌንስ ወስዶ እዚያ ያለውን ራዲዮካርበን (ከጊዜ ጋር መጠኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ ዕድሜ የሚታወቅበትን የካርበን ዓይነት) ለካ። ትልቋ 5 ሜትር ነበረች፤ ግምቱ 392 ዓመት ሆኖ 120 ዓመት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ይሄ አይደለም፤ ለመውለድ የምትደርሰው 150 ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው! አንዷ በስህተት መረብ ውስጥ ስትገባ ምን እንደሚጠፋ አስቡት፤ በጣም ያሳዝናል።

የደን ሰው፦
ፈንገሱ አርሚላሪያ ኦስቶዬ ይባላል። ብቅ የሚለው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል መሬት ውስጥና የዛፍ ልጥ ሥር ተደብቆ፣ የጫማ ክር በሚመስል ጥቁር ሥር ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሻገረ ያደርቃቸዋል። 965 ሄክታር ይሸፍናል። አንድ መሆኑን የለዩት ከተለያየ ቦታ ናሙና ወስደው ሳህን ላይ አብረው በማሳደግ ነው፦ አንድ ከሆኑ ይዋሃዳሉ፣ ካልሆኑ መሃላቸው ድንበር ይሠራሉ። ዕድሜው ግን ከስፋቱና በዓመት ከሚያድገው ርቀት የተሰላ ስለሆነ ከ1,900 እስከ 8,650 ዓመት ነው የሚባለው፤ ክፍተቱን እዩት። በነገራችን ላይ ዘመዱ እኛም አገር በተተከለ ፓቱላ ጥድ ላይ ተገኝቷል፤ ደን ያላችሁ ልጡን ላጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ነጭ ንጣፍ ካለ ጠርጥሩ።

ጣና ዳር፦
ተባረኩ! እንግዲህ የፈንገሱ ትንሹ ግምት እንኳ ከሻርኳ ትልቁ ግምት ይበልጣል ማለት ነው።

ባዮ ተማሪ፦
በቁጥር አዎ፣ እህቴ። ግን ሻርኳ ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው በአንድ ልብና በዚያው ዓይኗ ነው፣ ፈንገሱ ደግሞ አንዱ ጫፍ ሲሞት በሌላው እያደገ። ወንድምሽ «ከባለ አከርካሪዎች» የምትል ቃል ቢጨምርበት ኖሮ ልክ ነበር።