የአባቴ የደከመው ቀኝ እጃቸው ነው፤ የአንጎላቸው ሲቲ ፊልም ላይ ደሙ የሚታየውም በቀኝ ነው። ፊልሙ የማን ነው?

የመንዙ መምህር፦

የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ሕክምና አላውቅም፤ ያልገባኝን ነገር አይቼ ማለፍ ግን አልችልበትም።

አባዬ 67 ዓመታቸው ነው። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ስድስት ዓመት ቢሆንም መድኃኒቱን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር። በግንቦት መጨረሻ አንድ ማለዳ በጎቹን ሊያስወጡ በረት ሲከፍቱ ቀኝ እጃቸው መወርወሪያውን መያዝ አቃተው። ወዲያው አፋቸው ተጣመመ። መኪና ተኮናትረን፣ በሞላሌ አድርገን፣ ጣርማበር ላይ ጉም ውጦን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ቀትር አልፏል። ሲቲ ስካን ተነሡና «ስትሮክ ነው፤ ደም የፈሰሰበት ዓይነት» ተባልን። ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ ግፊታቸው እየወረደላቸው ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ።

በ26ኛው ቀን ለክትትል ስንሄድ ሌላ ሲቲ ተነሡ። «ደሙ ጠፍቷል» ተባልን፤ እናቴ እልል አለች። እጃቸው ግን ዛሬም አይታዘዝም፤ ንግግራቸውም ይጎተታል። ደሙ ከጠፋ ምን ይዞት ነው?

ዛሬ ጧት ሁለቱን ፊልሞች መስኮት ላይ ለጥፌ አየኋቸው። በመጀመሪያው ላይ ነጩ ነገር ያለው በቀኝ በኩል ነው። የግራው አንጎል ቀኙን አካል እንደሚያዝ ለልጆች የሚነገር ነገር ነው፤ ታዲያ የሌላ ሰው ፊልም ሰጥተውን ይሆን? ደግሞ በማስመሪያ ብለካው 1.6 በ1.2 ሴንቲሜትር ነው። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ነገር በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይጥላል? ይባስ ብሎ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለጥናት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ሥዕል) እንዲነሡ ፈርሙ ብሎናል። ልፈርም ወይስ ልተው?

ፊልም አንሺ፦

መምህር፣ አይደንግጡ፤ ፊልሙ የአባትዎ ነው። መጠራጠርዎ ግን ደግ ነው፤ ጥጉ ላይ የታተመውን ስምና ዕድሜ ማንበብ አይከፋም። ለ14 ዓመት ሲቲ አንስቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ያልመጣበት ወር አላስታውስም። ሥዕሉ የሚነበበው በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ እኛ ከእግሩ በኩል ቆመን ሽቅብ እንደምናየው ነው። ስለዚህ የእርሳቸው ግራ በእርስዎ ቀኝ ይውላል። ደሙ በግራ አንጎላቸው ነው፤ የደከመው ቀኝ እጃቸው ነው፤ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ማስመሪያዎን ግን ያስቀምጡት። ፊልሙ ላይ ያለው ራስ የተጨመቀ ነው፤ አለበለዚያ ሃያ ሥዕል በአንድ ሉህ እንዴት ይገባል? በጠርዙ በኩል እንደ ካርታ መለኪያ የተከፋፈለ መስመር አለ። እርሱ 10 ሴንቲሜትር የሚለው በማስመሪያዎ ስንት እንደሆነ ይዩና ያባዙ። ከዚያ ደሙ በጣም የሰፋበትን ሥዕል ይምረጡ። ረጅሙን ስፋት፣ እርሱን በቀጥታ የሚያቋርጠውን ስፋት፣ ሦስተኛ ደግሞ ደሙ የታየባቸውን ሥዕሎች ብዛት በአንዱ ቁራጭ ውፍረት አባዝተው ይውሰዱ። ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ትንንሾቹን እንደ ሙሉ አይቁጠሯቸው። ሦስቱን በሴንቲሜትር አድርገው አባዝተው ለሁለት ሲያካፍሉ ደሙ በሚሊ ሊትር ይወጣል። ሐኪሞች አደጋውን ለመገመት ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ 30 ሚሊ ሊትር መድረሱን ነው።

አሁን «ጠፍቷል» ወደተባለው። በለንደን በ1971 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ታካሚ በሲቲ ከተነሣች ወዲህ ማሽኑ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር ይሰጣል። ውኃ ዜሮ ነው። የአንጎል ሥጋ ከ30 እስከ 40 ገደማ ነው። ትኩስ የረጋ ደም ከ50 እስከ 70 ስለሚደርስ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደሙ እየፈረሰ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ከአንጎሉ ቁጥር ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ዓይን አይለየውም። ከዚያም አልፎ ይጠቁራል። እንግዲህ በ26ኛው ቀን የጠፋው ንጣቱ ነው። ደሙ የጨፈለቀውና የበጠሰው ነገር ከንጣቱ ጋር አብሮ አይሄድም። ይህን ለእናትዎ በቀስታ ይንገሯቸው፤ እልልታቸው ከንቱ አይደለም፤ አባትዎ በሕይወት አሉ።

የደብረ ሲናዋ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ እናቴን አስታማሚ ነኝ። መጀመሪያ ስትወድቅ «ስትሮክ ከሆነ አስፒሪን ነው» ብሎ አንድ ጎረቤት ሲቲ ሳትነሣ አስፒሪን አስዋጣት፤ አስፒሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ለካ የእርሷም ደም የፈሰሰበት ነበር! ሁለቱ ዓይነት ስትሮክ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ የረጋ ደም ሥሩን የዘጋበትንና ደም የፈሰሰበትን የሚለየው ሥዕሉ ነው። በኋላ ደግሞ «ጠፍቷል» ሲሉን የግፊት ኪኒኗን አቁመን ሸንኮራ ዮሐንስ ወሰድናት። ጸበሉ ኪኒን አቁሙ አላለንም፤ እኛው ነን ያቆምነው። በስድስተኛው ወር ደገማት። ወንድሜ፣ አባባ ኪኒናቸውን በየቀኑ ሲውጡ ቆመህ እይ። ጸበሉም ይቀጥል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦

ያነጋገርኋችሁ እኔ አይደለሁም፤ ጥናቴ ግን በዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ስለ ፊርማው፦ የሚፈርሙት እርስዎ ሳይሆኑ አባትዎ ናቸው። አእምሯቸው ካለ፣ ነገሩም ከገባቸው፣ ውሳኔው የእርሳቸው ነው። እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው አይጓደልም፤ ሊጓደልም አይገባም። እሺ ቢሉም ከዚህ ሥዕል እጃቸው ይድናል ብለው አይጠብቁ። በደረታቸው የልብ መሣሪያ፣ በሰውነታቸው ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ አስቀድመው ይናገሩ፤ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው።

ለፊዚክስ መምህር ደግሞ ይህን ልጨምር። የፈረሰ ደም ብረቱን ትቶ ይሄዳል። ሲቲ አያየውም፤ ኤምአርአይ ግን ብረቱ ማግኔቱን ስለሚያውክበት ቦታውን ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ሌላው የሚያጓጓኝ ነገር የውኃ እንቅስቃሴ ነው። ውኃ በነርቭ ገመድ ርዝመት መሄድ ይቀለዋል፤ ገመዱን አቋርጦ መሄድ ይከብደዋል። ኤምአርአይ ይህን ልዩነት ይለካል። ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው ገመድ የሚያልፈው በደም ግፊት ምክንያት ደም አዘውትሮ በሚፈስበት የአንጎል ሠፈር አጠገብ ነው። ገመዱ ተገፍቶ ብቻ ከሆነ ተስፋው ይሰፋል፤ ከተበጠሰ ይጠብባል። ሥዕሉ ግን ፍርድ አይደለም፤ መጥፎ ሥዕል ይዘው ጣታቸውን ያንቀሳቀሱ አይቻለሁ።

ሐኪሞች ሥዕል ደግመው የሚያነሡትም በምክንያት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ በጀመራቸው በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲቲ ከተነሡት 103 ሰዎች በ38 በመቶው ላይ ደሙ በአንድ ቀን ውስጥ ከሢሶ በላይ አድጎ ተገኝቷል። ከመሐል ሜዳ ቀትር ድረስ የፈጀው መንገድ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

የመንዙ መምህር፦

መስመሩን አገኘሁት። በማስመሪያዬ 4 ሴንቲሜትር የሆነው በእውነቱ 10 ነው። ስለዚህ 4 በ3፤ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቁራጮቹ ስምንት፣ ማለት 4 ሴንቲሜትር። ሲካፈል 24 ሚሊ ሊትር። ጫፎቹን ብቀንስ ከዚያም ያንሳል።

አባዬ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዳምጡኝ ኖሯል። ስንት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። «የአረቄ መለኪያ እንኳ አይሞላም እኮ!» አሉ፤ ዘለግ አድርገው፣ እየተጎተተ። የጥናቱን ነገር ሳስረዳቸው ወረቀቱን አምጣ አሉኝ፤ «በግራ እጄም ቢሆን እኔው እፈርማለሁ።»

ደብረ ሲናዋ እኅቴ፣ የኪኒኑን ነገር ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አሥምሬ ሰቅያለሁ። አሁን የቸገረኝ ፊዚዮቴራፒ ነው። በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን መመላለሱ አቅማችንን ይፈትናል። ለመሐል ሜዳ የሚቀርብ ባለሙያ፣ ወይም ቤት ውስጥ ከእጃቸው ጋር የምንሠራውን የሚያሳየን ሰው የሚያውቅ አለ?