መረሬ አፈር ላይ ጀሶ ቢጨመር ይለሰልሳል?

የአቃቂ ጓሮ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አቃቂ ነው፣ ግቢው ሙሉ በሙሉ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ደግሞ ጫማ ነቅሎ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ጎመንና ቆስጣ እንደምንም ይደርሳሉ፣ ቲማቲሙ ግን ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጎረቤታችን "ጀሶ በትኚበት፣ ያላቅቀዋል" አሉኝ፤ ዩቲዩብ ላይም ፈረንጆቹ ሲበትኑ አይቻለሁ። ግንባታ ዕቃ ቤት የሚሸጠው ነጩ ጀሶ ይሆናል? ለ30 ካሬ ስንት ልግዛ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አፈርና ውሃ
እህቴ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት አንድ ነገር እይ። ጀሶ ጭቃን ሁሉ አያላቅቅም። የሚሠራው አፈሩ ውስጥ ሶዲየም ሲበዛ ነው። ሶዲየም የሸክላውን ደቃቅ ቅንጣቶች ይበታትናቸዋል፣ እነሱም ውሃና አየር የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ጀሶ ካልሲየም ስላለው የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፣ ሶዲየሙ ታጥቦ ይወርዳል፣ ቅንጣቶቹም ተመልሰው ይሰባሰባሉ። የደጋው መረሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም አያንሰውም። የሚያብጠውና የሚሰነጠቀው በሸክላው ዓይነት ነው፣ እሱን ደግሞ ጀሶ አይቀይረውም።

ቤትሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ሽምብራ የሚያክል ደረቅ ጓል ውሰጂ፣ ጥርት ባለ ብርጭቆ ውስጥ የዝናብ ውሃ ቅጂና ቀስ ብለሽ ጣይው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ውጤቱን ያዛባል። አታማስዪው፣ ብርጭቆውንም አታነቃንቂው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ እይው፣ በማግስቱም ደግመሽ እይው። በጓሉ ዙሪያ ወተት የመሰለ ደፍራሳ ነገር ከተሰራጨ ሶዲየም አለ ማለት ነው፣ ጀሶ ይጠቅምሻል። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ግን ጥርት ብሎ ከቀረ ጀሶውን ተዪው፣ የጎደለው ኮምፖስት ነው።

የመተሐራ ልጅ
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፣ ግን ቆላ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ከመጣ ወዲህ በዙሪያው ያለው መሬት ጨውና ሶዲየም በዝቶበታል። ያጠጣነው ውሃ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ሲደርቅ ዶማ አያስገባም። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ጀሶ በደንብ ይሠራል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በካሬ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በትኖ ከላይኛው አፈር ጋር ማዋሃድ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ውሃውን ነው። ጀሶ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከሁለት ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ስለዚህ አንዱን ኪሎ ለማሟሟት 400 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ያ ውሃ ሶዲየሙን ይዞ የሚወጣበት ቦይ ከሌለ ሶዲየሙ እዚያው ይቀራል፣ ጨውም በጋ ላይ ከውሃው ጋር ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። መልካ ሰዲና አሚባራ ያሉት የጥጥ እርሻዎች የተጎዱት በዚሁ ነው፤ መስኖ ሲበዛ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ አለ፣ ጨውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ቦይ፣ ቀጥሎ ጀሶ።

እማማ አትክልት
ልጄ፣ የግንባታውን ጀሶ አትግዢ። እሱ ተቃጥሎ ውሃው የወጣለት ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይጠጥራል። አፈርሽ ላይ ጓል ጓል ሆኖ ይቀራል። ማጠንከሪያ የተጨመረበትም አለ። ለመሬት የሚሆነው ያልተቃጠለው፣ ጥሬው ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። የኮርኒስ ቦርድ ስብርባሪም ወረቀትና ሌላ ነገር ስላለው ይቅርብሽ።

ደግሞ ከኖራ ጋር እንዳታምታቺው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የተፈጨው የእርሻ ኖራ የአፈርን አሲድ ይቀንሳል፣ ጎጃምና ወለጋ ያሉ ገበሬዎች የሚበትኑት እሱን ነው። ጀሶ አሲዱን አይነካውም። ሻጩ የሰጠሽን ካላመንሽው ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ የእርሻ ኖራ ከሆነ አረፋ ያወጣል፣ ጀሶ ዝም ይላል።

የአቃቂ ጓሮ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ብርጭቆውን ሞከርኩት። ጓሉ ወዲያው ፈረሰ፣ ውሃው ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጥርት እንዳለ ነው። ታዲያ ቲማቲሙን ምን ላድርገው?

አፈርና ውሃ
እንግዲያው ጀሶውን እርሺው። ቲማቲሙ ቢጫ የሚሆነው ሥሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ አየር ስለሚያጣ ነው። ማጠንፈፍ ነው ያለብሽ። የእነዋሪ ገበሬዎች መረሬ መሬታቸው ላይ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና ቦይ የሚሠሩት ለዚህ ነው፣ ስንዴያቸውን ከውሃ የሚያተርፈው እሱ ነው። አንቺም 80 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሥሪ። በመሃል 40 ሳንቲሜትር ቦይ ተዪ፣ ቦዩ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ ይውረድ። እርጥብ አፈር ላይ ግን አትርገጪ፣ በዶማም አትንኪው፤ መረሬ እርጥብ ሆኖ ከተነካ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። መደቡን አሁን ሥሪው፣ ክረምቱ ሳይገባ።

እማማ አትክልት
ለጀሶ ያሰብሽውን ብር በደንብ የበሰበሰ ፍግ ግዢበት። በየካሬው አንድ ባልዲ ጨምሪና ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ጋር አዋህጂው፣ ከላይ የጤፍ ጭድ ጣል አድርጊበት። ጭዱ በጋ ላይ ስንጥቁን ይቀንስልሻል። በየዓመቱ ድገሚው፣ አንድ ጊዜ ተጨምሮ የሚተው አይደለም። ቲማቲሙን ደግሞ ሐምሌን አሳልፈሽ ዝናቡ ሊያቆም ሲል ብታዛውሪው ይሻልሻል፣ በክረምቱ ዋግም ያስቸግረዋል።