ሰው «ኢንስቲቱሽናላይዝድ» ሆነ ሲባል ምን ማለት ነው?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ኢንስቲቱሽናላይዝ» የሚል የእንግሊዝኛ ግሥ አስቸግሮኛል። የሥራ ሪፖርቶች ላይ በየገጹ ስለማይጠፋ «ተቋማዊ ማድረግ» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን የማነበው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ላይ ግን «ሂ ዋዝ ኢንስቲቱሽናላይዝድ አት ናይንቲን» የሚል መጣ። ሰውዬው በ19 ዓመቱ ተቋማዊ ሆነ? ድርጅት አቋቋመ? «ኢንስቲቲዩት»ም ግሥ ሆኖ አይቼዋለሁና የሁለቱን ልዩነት ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ዲክሽነሪ ኮፒ አድርጎ የሚለጥፍ ግን ይቅርብኝ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ምንም አላቋቋመም ወዳጄ። አእምሮ ሆስፒታል ወይም የመሰለ ማቆያ አስገቡት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን፣ ለረጅም ጊዜ። ለወባ ወይም ለቀዶ ሕክምና አልጋ የያዘ ሰው «ሆስፒታላይዝድ» ነው የሚባለው፣ እነዚህን አታደባልቃቸው።

ዘዴው ተሳቢውን ማየት ነው። ተሳቢው አሠራር፣ ልማድ ወይም ደንብ ከሆነ አንተ የምታውቀው ትርጉም ነው። ሰው ከሆነ ግን ማስገባት ነው፣ ያውም ደስ የማይል ማስገባት።

«ኢንስቲቲዩት» የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ደንብ ማውጣት፣ አሠራር መጀመር፣ በሕግ ቋንቋ ደግሞ ክስ መመሥረት። ዛሬ ጠዋት ተወስኖ ከሰዓት «ኢንስቲቲዩትድ» ሊባል ይችላል። «ኢንስቲቱሽናላይዝ» ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ኃላፊ ሰኞ ሰኞ በሩን ከፍቶ የሠራተኛ ቅሬታ ይሰማል እንበል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም ይወደዋል፣ ሲዛወር ግን ሰኞም ቀረ ቅሬታም ቀረ። ይሄ ኢንስቲቱሽናላይዝ አልሆነም። መመሪያ ላይ ሰፍሮ፣ በጀትና ተጠሪ ተመድቦለት፣ አዲሱ ኃላፊ ባይወደውም እንኳ ሰኞ ሲመጣ ሰው ተሰልፎ ካገኘ ነው ሆነ የሚባለው። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ሳሙኤል ሀንቲንግተን ድርጅቶችና አሠራሮች ዋጋና ጽናት የሚያገኙበት ሂደት ነው ያለው ይሄንኑ ነው። ሪፖርት ላይ ግን አንድ ወርክሾፕ ተካሂዶ «ኢንስቲቱሽናላይዝ አድርገናል» ይባላል፣ እሱን ተወው።

ነገር ፈላጊ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ለጥሩ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሙስናም፣ አድልዎም ኢንስቲቱሽናላይዝ ይደረጋል። እንዲያውም ጋዜጣ ላይ ለክፉው ነው በብዛት የማየው። «ኢንስቲቱሽናል ሬሲዝም» (ተቋማዊ ዘረኝነት) የሚለውን የጥቁሮች መብት ታጋዩ ስቶክሊ ካርማይክልና የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ቻርለስ ሃሚልተን በ1967 አሜሪካ ውስጥ ጻፉት፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የጥቁሩን ወጣት የስቲቨን ሎውረንስን ግድያ ምርመራ የተመለከተው የማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 የለንደንን ፖሊስ በዚሁ ቃል ገለጸው። ነጥቡ አንድ ክፉ ፖሊስ አለ አይደለም። ማንም ክፉ ሳያስብ እንኳ አሠራሩ ራሱ ሰው ይበድላል ነው።

ለፈገግታ፦ በ1929 የተመሠረተው የሜክሲኮ ገዥ ፓርቲ በ1946 ስሙን «ተቋማዊ አብዮታዊ ፓርቲ» አለው። አብዮት ተቋማዊ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት እስከ 2000 ድረስ ፕሬዚዳንትነቱን ከእጃቸው አለማውጣታቸውን ማየት ነው።

የማኅበራዊ ሠራተኛ፦
ቀይ እስክሪብቶ ጥሩ ብለሃል፣ ሰው ላይ ግን ሌላም ትርጉም አለ። መግባቱ ብቻ ሳይሆን እዚያ ኖሮ ኖሮ መለወጡም በዚሁ ቃል ይጠራል። አእምሮ ሆስፒታል፣ እስር ቤት ወይም የሕፃናት ማሳደጊያ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ ሌላ ሰው ወስኖለት ይለምዳል። ከወጣ በኋላ በሩ ተከፍቶ እያለ «ልውጣ?» ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ አለ። ልብስ ምረጥ ሲሉት የሚጨነቅም አለ። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ራስል ባርተን በ1959 ይሄንን ከሕመሙ ለይቶ ራሱን የቻለ ችግር አድርጎ ጽፎበታል። ሰውዬውን ያደከመው የገባበት በሽታ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ራሱ ነው ማለቱ ነው።

ስለዚህ «ሂ ኢዝ ኢንስቲቱሽናላይዝድ» የሚል ስታገኝ ዐውዱን እይ። ተቋም ውስጥ ነው ሊሆን ይችላል፤ ወጥቶም ውጭው አልሆነለትም ሊሆን ይችላል። ያንተው «አት ናይንቲን» ዕድሜ ስለጠቀሰ መግባቱን ነው። የተቃራኒው «ዲኢንስቲቱሽናላይዜሽን» ሕሙማንን ከትልልቅ ሆስፒታሎች አውጥቶ ማኅበረሰቡ ውስጥ ማከም ነው። ጣሊያን በ1978 በሕግ ቁጥር 180 የአእምሮ ሆስፒታሎቿን መዝጋት ጀመረች፤ ከጀርባው የነበረው ሐኪም ፍራንኮ ባዛሊያ ነው።

እባካችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ስላለ ሰው ስታወሩ ቃሉን አትወርውሩት። ይከብዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ይኖራል፣ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያገኛል ማለት ይቻላል።

የማታ አንባቢ፦
ኧረ ተባረኩ! አሁን ግን ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነገ ለአለቃ የሚልከው የእንግሊዝኛ ረቂቅ ላይ «ዊ ሃቭ ኢንስቲቱሽናላይዝድ ኦል ኒው ስታፍ» ብሏል። አዲስ ሠራተኞችን ከአሠራራችን ጋር አስተዋወቅን ለማለት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
😂😂 አዲስ የተቀጠሩትን በሙሉ አማኑኤል አስገባናቸው ያለ ነው የሚመስለው፤ ማለቴ አእምሮ ሆስፒታል። ተሳቢው ሰው ነዋ! «ስታፍ»ን ያውጣና «ስታፍ ትሬይኒንግ»ን ያስገባ። ያኔ ሥልጠናው ቋሚ አሠራር ሆነ ማለት ይሆናል። አንዴ ብቻ ከሆነ የሠለጠኑት ግን «ትሬይንድ» ብሎ ይለፈው።

የማታ አንባቢ፦
አንዴ ብቻ ነው። ልደውልለት።