ስካን የተደረጉ የልብ ወለድ ኮከብ ካርታዎች፦ ካርታው ከሠንጠረዡ ጋር ሲጣላ የትኛው ይታረም?

ካርታ ሰብሳቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ አድናቂዎች ሆነን ለምናዘጋጀው ድረ ገጽ፣ በመጻሕፍቱ መጨረሻ ላይ የታተሙትን የኮከብ ካርታዎች ስካን የማድረግና የማረም ሥራ ተረክቤያለሁ። ካርታዎቹ 11 ሲሆኑ አብዛኞቹ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ገጾች ላይ የተዘረጉ ናቸው። መጻሕፍቱ ስላረጁ ወረቀታቸው ወደ ቢጫነት አዘንብሏል፤ በገጹ ጀርባ ያለው ጽሑፍም ወደ ፊት ዘልቆ ይታያል። እስካሁን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ) ስካን አድርጌ፣ ጀርባው ነጭ እስኪሆን ድረስ ኮንትራስቱን ከፍ አድርጌ፣ በጄፔግ አስቀምጫቸዋለሁ። ለዓይን የጸዱ ይመስላሉ፤ የግዛት ወሰን ለማሳየት ግራጫ በተቀቡት ቦታዎች ላይ ግን በመጽሐፉ ላይ የሌለ የሞገድ መስመር እየተፈጠረ ተቸግሬያለሁ።

ከዚህ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። በካርታው ላይ አንዱ ካሬ 1 የብርሃን ዓመት ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ኮከብ ጎን የተጻፈው ትንሽ ቁጥር ኮከቡ ከካርታው ጠለል ያለውን ከፍታ ያመለክታል። ከካርታው ቀጥሎ በኮከቦቹ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ሁለቱ አይስማሙም። ለምሳሌ በ4ኛው ካርታ ላይ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ኮከቦች በካርታው ላይ 6 ካሬ ይራራቃሉ፤ የሁለቱም ከፍታ 4 ስለሆነ በአንድ ደረጃ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ርቀታቸው 6 የብርሃን ዓመት ሊሆን ይገባል። ሠንጠረዡ ግን 10 ይላል። እንዲህ ያሉ ከሃያ በላይ ጥንዶች አግኝቻለሁ። ሠንጠረዡን በካርታው መሠረት አርሜ ላውጣው ወይስ እንዳለ ልተወው? እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የወረቀት ወዳጅ፦

ሠንጠረዡን ከመንካትዎ በፊት ወደ ስካነሩ ይመለሱ ብዬ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ አሁን የያዙት ፋይል መጽሐፉን በታማኝነት የሚወክል አይመስለኝም።

300 ዲፒአይ ለተራ ጽሑፍ ይበቃል፤ ለካርታ ግን አይበቃም። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ300 ዲፒአይ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፉት 12 ያህል ፒክሰሎች ናቸው። በካርታው ላይ ያለ አንድ ቀጭን መስመር ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን የሚደርሰው አንድ ፒክሰል ብቻ ነው። ይህ መስመር በሁለት ፒክሰሎች መካከል ከወደቀ ሁለቱንም ግራጫ ያደርጋቸዋል እንጂ አንዱንም ጥቁር አያደርግም፤ ከዚያ በኋላ ኮንትራስቱ ከፍ ሲደረግ ከቢጫው ወረቀት ጋር አብሮ ይነጣል። በ600 ዲፒአይ ቢሠሩ ለዚያው መስመር ከሁለት በላይ ፒክሰል ይደርሰዋል፤ መትረፉም የተሻለ ዕድል ያገኛል። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ 4960 በ7016 ፒክሰል ስለሚሆን በቀለም ስካን ሲደረግ ሳይታመቅ 100 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ከባድ ነው፤ ቢሆንም ጄፔግ በፊደልና በቁጥር ዙሪያ ብዥታ እየጨመረ የሚያምቅ ስለሆነ ለዋናው ቅጂ አይሆንም። ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይጠቀሙ፤ ጄፔግን በድረ ገጹ ላይ ለሚታየው ትንሽ ምስል ብቻ ይተዉት።

ከጀርባ ዘልቆ የሚታየውን ጽሑፍ በኮንትራስት አያባርሩት። ጽሑፉ የሚታየው ብርሃኑ ወረቀቱን አልፎ ከነጩ የስካነር ክዳን፣ ወይም ከሥሩ ካለው ነጭ ገጽ፣ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ነው። ከገጹ ጀርባ አንድ ጥቁር ወረቀት ቢያስገቡ ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ገጹ በጠቅላላ ጥቂት ይጠቁራል፤ ነገር ግን የሚጠቁረው በእኩል ስለሆነ በኋላ በቀላሉ ይስተካከላል። ስካነሩ በራሱ ፈቃድ የሚያደርጋቸውን «ማሻሻያዎች» ሁሉ አስቀድመው ያጥፏቸው።

የሞገዱ ምክንያት ደግሞ ግራጫው እውነተኛ ግራጫ ቀለም ስላልሆነ ነው። ማተሚያ ቤቱ ግራጫውን የሠራው እኩል በተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነው፤ የነጥቦቹ ረድፍ ከስካነሩ የፒክሰል ረድፍ ጋር ሲደራረብ ሞገዱ ይፈጠራል። በ600 ዲፒአይ ወይም ከዚያ በላይ ስካን አድርገው፣ ጊምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ግራጫውን ቦታ ብቻ መርጠው በስሱ ካደበዘዙት በኋላ ምስሉን ቢያሳንሱት ሞገዱ ይጠፋል። ፊደሎችንና መስመሮችን ግን ከምርጫው ውጭ ያድርጓቸው።

ሁለት ገጾች የሚገናኙበት የመሐል ስፌት ላይ ብዥታ ካዩ የስካነርዎን ዓይነት ያጣሩ። ሲአይኤስ የሚባለው ዓይነት ከመስተዋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የራቀውን ወረቀት እንኳ አጥርቶ አያይም፤ ሲሲዲ የሚባለው በዚህ ረገድ ይሻላል። መጽሐፉን ግን እባክዎ አይቁረጡት። ሁለቱን ገጾች ለየብቻ ስካን አድርገው ሲያጋጥሟቸው፣ የመረቡ መስመሮች የሚቋረጡባቸውን ነጥቦች እንደ ችካል ይጠቀሙባቸው፤ ካሬዎቹ እኩል መሆናቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ የተጣመመውን ገጽ ለማቃናት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያገኙም።

ሦስተኛው ዘንግ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር የሠንጠረዡን ጥያቄም ሳይመልሰው አልቀረም። የጠቀሷቸውን ቁጥሮች ደግመው ይመልከቷቸው። ከሁለቱ ኮከቦች አንዱ ከጠለሉ 4 የብርሃን ዓመት በላይ፣ ሌላው 4 የብርሃን ዓመት በታች ቢሆን የከፍታ ልዩነታቸው 8 ይሆናል። የ6 ስኩዌር 36፣ የ8 ስኩዌር 64፣ ድምራቸው 100 ነው፤ የ100 ስኩዌር ሩት ደግሞ 10። ሠንጠረዡ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከአንደኛው ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት ነበረ፤ ምልክቷም በእርስዎ ፋይል ላይ ጠፍታለች ብዬ እገምታለሁ። የመቀነስ ምልክት ማለት ደግሞ ከላይ እንደተባለው አንዲት አጭር ቀጭን መስመር ናት።

ሦስተኛው አቅጣጫ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት በእውነተኛ ኮከብ ላሳይዎት። አልፋ ሴንታውሪ ከፀሐይ 4.4 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከሰማይ ወገብ (የምድር ወገብ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ከሚሠራው ክብ) በታች ወደ 61 ዲግሪ ያህል ስለሚገኝ፣ በሰማይ ወገብ ጠለል ላይ በተሣለ ካርታ ላይ ከፀሐይ 2.1 ካሬ ብቻ ርቆ ይቀመጣል፤ ቀሪው 3.8 የብርሃን ዓመት ጥልቀት ነው። የከፍታው ቁጥር የጠፋበት ሰው ኮከቡን ከእውነተኛ ርቀቱ በግማሽ ቀርቦ ያገኘዋል።

እያንዳንዱን ጥንድ በዓይን ከመመርመር ይልቅ የሁሉንም ኮከቦች ሦስት መለኪያዎች (በካርታው ላይ ያሉበትን አግድምና ቁመት፣ እንዲሁም ከፍታቸውን) በኤክሴል አስገብተው ርቀታቸውን ያስሉና፣ ከሠንጠረዡ ጋር ያለውን ልዩነት አጠገቡ ያስቀምጡ። ስሕተቱ የተሠራበትን ቦታ የልዩነቶቹ አሰላለፍ ራሱ ይነግርዎታል። የአንድ ኮከብ ረድፍ በብዛት ተሳስቶ፣ የከፍታው ምልክት ሲገለበጥ ረድፉ በሙሉ ከተስተካከለ የጠፋው የመቀነስ ምልክት ነው። የሁለት ኮከቦች ረድፎች ተሳስተው ስማቸውን ስናለዋውጥ ከተስተካከሉ ካርታ ሣዩ ስማቸውን አቀያይሮ ጽፎታል። በመላው ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ብቻ ተነጥሎ ከተሳሳተ ግን የቀረው የፊደል ለቀማ ስሕተት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሠንጠረዡን መጠርጠር ይቻላል።

የሰማይ ተመልካች፦

እግረ መንገድዎን በካርታዎቹ ላይ ያሉትን እውነተኛ ኮከቦች ወደ ዘመናዊ መረጃ ቢያሻሽሏቸውስ? በ1989 የመጠቀችው የሂፓርኮስ ሳተላይት ከ118,000 በላይ ኮከቦችን የያዘ ካታሎግ በ1997 አስገኝታለች፤ በ2013 የመጠቀችው ጋያ ደግሞ ከዚያ እጅግ የላቀ ትክክለኛነት ያለው መረጃ ሰጥታናለች። ከዚያ በፊት የተሣለ ካርታ ላይ ደብዛዛ የሆኑት ቅርብ ኮከቦች ርቀት ሊሳሳት እንደሚችል የታወቀ ነው። ካርታው በጠቅላላ የዞረ መስሎ ከታየዎት ደግሞ ደራሲው የተጠቀመው የሰማይ ወገብን ይሁን የፍኖተ ሐሊብን ጠለል ያጣሩ፤ በሁለቱ መካከል 63 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ።

ማኅደር ጠባቂ፦

ስለ ጠለሉ የተነገረው ጠቃሚ ነው፤ በማሻሻሉ ሐሳብ ግን አልስማማም። ደራሲው ታሪኩን የሠራው በዘመኑ በነበረው መረጃ ላይ ነው። አንድ መርከብ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ነዳጇ ሳያልቅ የምትደርስበት ቦታ፣ የትኛው ግዛት ከየትኛው ጋር እንደሚዋሰን፣ ጦርነቱ ለምን በዚያ በኩል እንደተጀመረ፣ ይህ ሁሉ በእነዚያ ርቀቶች ላይ የቆመ ነው። አንዱን ኮከብ 2 የብርሃን ዓመት ብንገፋው ታሪኩ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ዘመናዊውን መረጃ ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ለብቻው ሌላ ካርታ ይሠራለት፤ ከመጽሐፉ ካርታ ጋር ግን አይቀላቀል።

ለጠያቂው የማክልባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ምንም ያልተነካውን ስካን ለብቻው አስቀምጠው ከቶ አይጻፉበት። እርማቱን በሌላ ሌየር (በምስሉ ላይ በሚደረብ ንብርብር) ላይ፣ ከተቻለም ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም እንደ አዲስ በተሣለ ካርታ ላይ ያድርጉት፤ ከእያንዳንዱ እርማት ጋር በመጽሐፉ ላይ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደተለወጠ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመዝግቡ። ከየትኛው እትም ስካን እንዳደረጉም ይጻፉ፤ የመጀመሪያው እትም ላይ የነበረ ስሕተት በኋለኛው ታርሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት እትሞችን ማስተያየት ከማንኛውም ስሌት በፊት መደረግ ያለበት ነገር ነው። በመጨረሻም ካርታው የደራሲው ወይም የአሳታሚው የቅጂ መብት ያለበት ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ መሣሉ ፈቃድ ከመጠየቅ አያድንም። ሳያወጡት በፊት ይጻፉላቸው።

ካርታ ሰብሳቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 4ኛውን ካርታ ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አድርጌ በ600 ዲፒአይ ደግሜ ስካን አደረግኩትና ያንን ቁጥር 4 ማያ ገጹን እስኪሞላ ድረስ አጎላሁት። ከቁጥሩ በስተግራ፣ የ4ቷ አግድም መስመር በምትጀምርበት ከፍታ ላይ፣ ርዝመቷ ከአንድ የሩዝ ፍሬ ሲሶ የማይበልጥ ሐመር ያለ ጭረት ተገኘች። መጽሐፉን ወደ መስኮት ወስጄ በአጉሊ መነጽር ብመለከተው በወረቀቱም ላይ አለች። በአሮጌው ፋይሌ ግን በዚያ ቦታ ንጹሕ ነጭ ብቻ ነው ያለው። ያነጣኋት እኔው ነኝ።

ኤክሴሉን በተባለው መንገድ ከሠራሁት በኋላ፣ ተሳስተዋል ካልኳቸው ጥንዶች ከሦስቱ በስተቀር ሁሉም የመቀነስ ምልክታቸው ሲመለስ ከሠንጠረዡ ጋር ተስማምተዋል። ከሦስቱ ሁለቱ የሁለት ጎረቤት ኮከቦች ስም በመቀያየሩ የመጡ ናቸው፤ አንድ የድረ ገጻችን አባል ባላቸው ኋለኛ እትም ላይ ስሞቹ በትክክለኛ ቦታቸው መታተማቸውን አይተው አረጋግጠውልኛል፤ ስለዚህ በአዲሱ ካርታ ላይ አርሜ ምክንያቱን መዝግቤያለሁ። የቀረው አንድ ጥንድ በሁለቱም እትሞች ላይ በካርታው 7፣ በሠንጠረዡ 17 ነው። 1 ቁጥር በስሕተት የገባ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ያንን ጉዞ «ረጅሙ መንገድ» ብሎ ስለሚጠራው ልደፍረው አልቻልኩም። ሁለቱንም ቁጥሮች እንዳሉ ትቼ ከጎናቸው የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ።

ለአሳታሚውም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የቀሩትን 10 ካርታዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ስካን አደርጋለሁ።

ሦስተኛው ዘንግ፦

በ17ቱ ላይ የወሰዱት ውሳኔ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ፦ የከፍታ ቁጥራቸው 0 የሆነ ኮከቦች ካሉ በአዲሱ ስካን እነሱንም ያጉሏቸው፤ የ8 ቁጥር መሐል መስመር ከጠፋ 0 መስሎ ይነበባልና።

ካርታ ሰብሳቢ፦

በ7ኛው ካርታ ላይ ሁለት አሉ። ነገ በእነሱ እጀምራለሁ።