ክርክር፦ በአፖስትሮፊ ስሕተት ከልጆች ነጥብ ይቀነስ?

የጥያቄው አቅራቢ፣ የ6ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአፖስትሮፊ (’) ስሕተት ግማሽ ነጥብ እንዲቀነስ ሐሳብ ቀርቧል፤ ውሳኔው በሚቀጥለው የእንግሊዝኛ መምህራን ስብሰባ ይሰጣል። እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። ምልክቱ አይማሩት ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ይህች ጭረት ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች አሏት፤ በአንድ በኩል «ዱ ኖት» አጥሮ «ዶንት» ሲሆን የወደቀውን ፊደል ቦታ ትጠብቃለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዕቃው የማን እንደሆነ ትናገራለች። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አስተምረን በማግሥቱ ነጥብ ብንቀንስ ልጁ ምልክቱን ይፈራዋል እንጂ አያውቀውም። የፈራ ልጅ ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይም «ኤስ» የሚለውን ፊደል ባየበት ሁሉ ይጨምረዋል፤ «ቡክስ» ብሎ ብዙ መጻሕፍትን ሲጽፍ እንኳ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ጭረት ያስገባል። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አስቀምጡልኝ።

ወላጅ፣ ፍኖተ ሰላም፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሳይታረም የከረመ ስሕተት ልማድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማን ያስተዋቸዋል? ልጄ ደብተሯ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ካላየች የጻፈችው ሁሉ ትክክል ይመስላታል።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ባሕር ዳር፦

እኔም ከወላጁ ጎን ነኝ። ምልክቱ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ «ዊ ዊል» ሲያጥር አፖስትሮፊው ከቀረ የሚተርፉት ፊደላት «ዌል» ተብለው ይነበባሉ፤ ትርጉሙም «ደኅና» ወይም «የውኃ ጉድጓድ» ነው። «አይ ዊል»ም በዚሁ መንገድ «ኢል»፣ ማለትም «ሕመምተኛ» ይሆናል። ፈተናዎቻችን ደግሞ ምርጫ ናቸው፤ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ በዚህች ጭረት ብቻ ሲለያዩ ልጁ በግምት እንዲያከብብ ልንተወው አይገባም።

የቅኔ ተማሪ የነበሩ የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ኤልያስ፦

እንግሊዝኛ አላስተምርም፤ ሆኖም ነገሩ ከአገባብ ትምህርት ስለማይርቅ ጥቂት ልበል። ልጆቹ ለባለቤትነት እንግዶች አይደሉም፤ እንግዳ የሚሆንባቸው ምልክቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በግዕዝ «ደብር» ከ«ማርቆስ» ጋር ሲናበብ «ደብረ ማርቆስ» ይባላል፤ የተለወጠው የባለቤቱ ስም ሳይሆን የንብረቱ ስም የመጨረሻ ፊደል ነው። በአማርኛ «የ» ከባለቤቱ ስም ፊት ይገባል። እንግሊዝኛው ደግሞ የባለቤቱን ስም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ምልክቱንና ፊደሉን ያስከትላል። ሦስቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ያየ ልጅ የትኛው ስም ምልክት እንደሚይዝ ለመለየት ደንብ መሸምደድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ማሳጠሩም ቢሆን አፉ ላይ አለ፤ «የአባቴ» ብሎ መጻፍ ሲማር «ያባቴ» ማለትን ግን ማንም አላስተማረውም። የአማርኛ ገጣሚዎቻችንም ቤት እንዲመታላቸውና ልኩ እንዲጠበቅ የዋጡትን ድምፅ በዚችው ጭረት የሚያመለክቱበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ፈረንጅ ብቻ የሚያውቃት ምልክት አይደለችም።

በነጥቡ ጉዳይ ከጠያቂው ጋር ነኝ። ቅኔ ቤት የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃናን ሳይቆጥር፣ ማለትም ራሱ ሳያዘጋጅ፣ ወደሚቀጥለው ወደ ዘአምላኪየ የሚሻገር ተማሪ የለም። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የጎደለውን ያርሙለታል፤ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። እርማቱ ጥብቅ ነው፣ ነገር ግን ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። ማሳጠሩ ይቅደም፤ እሱ ሲረጋ ባለቤትነቱ ይከተል።

የቋንቋ ተመራቂ፣ ቡሬ፦

ይህን ያህል የምንጨነቅለት ምልክት በባለቤቶቹ አገርም ያልተረጋጋ መሆኑ አይዘንጋ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የብዙ ቁጥር ባለቤትነትን ከ«ኤስ» በኋላ እንዲያመለክት የማድረጉ ልማድ የጸናው ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የአሜሪካ የጂኦግራፊ ስሞች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1890 ከተቋቋመ ጀምሮ ከጥቂት ስሞች በቀር በቦታ ስሞች ላይ የባለቤትነት አፖስትሮፊን አይቀበልም፤ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ከመንገድ ምልክቶቹ እንደሚያስቀር አስታውቋል። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው «ዶንት»ንና «ዎንት»ን ያለ ምልክት ሲጽፍ ኖሯል። እነሱ የሚተዉትን የጎጃም የ11 ዓመት ልጅ ነጥብ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ ስለ ሾው የነገሩን ግማሹን ነው። እሱ ምልክቱን የጣለው ሌላ ቃል በማይመጣበት ቦታ ነው፤ «ሂ ዊል» ሲያጥር ግን «ሄል»፣ ማለትም «ሲኦል» ተብሎ እንዳይነበብ ምልክቱን ይጽፍ ነበር። የትኛው ቦታ ላይ እንደማያስፈልግ ለመለየት አስቀድሞ ደንቡን ማወቅ ግድ ነው። የመንገድ ምልክት ደግሞ ፈተና አይቀመጥም።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሞጣ አካባቢ፦

እውነቱን ለመናገር ክርክራችሁ ለእኔ ክፍል ቅንጦት ነው። ባለፉት ዓመታት ትምህርት ተቋርጦባቸው የከረሙ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር አንብበው እንዲጨርሱ ነው የምታገለው። ሆኖም ካነሣችሁት አይቀር ዋናውን አስቸጋሪ ቦታ ዘላችሁታል፦ «ኢትስ»ን። ድምፁ አንድ ሆኖ ሲያጥር ምልክት ይይዛል፣ «የእሱ» ሲሆን ግን አይይዝም። ልጁ «ባለቤትነት ከሆነ ጭረት አድርግ» ተብሎ ስለተማረ እዚህ ላይ የሚሳሳተው መምህሩን ስላመነ ነው! እኔ የማደርገው «የእሱ» የሚለውን ከ«ሂዝ»፣ ከ«ኸር» እና ከ«ዜር» ጋር አስተምሬ ከአፖስትሮፊው ትምህርት በወራት ማራቅ ነው። ማሳጠሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ቃሉን ዘርግተው እንዲያነቡት አዛቸዋለሁ፤ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ተብሎ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ጭረቷ ትገባለች፣ ከፈረሰ አትገባም። ለዚህ ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልግም፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይበቃል። «ዎንት» ግን እንዲህ አይዘረጋም፤ «ዊል ኖት» መሆኑን እንዲሁ እንዲይዙት እነግራቸዋለሁ።

የጥያቄው አቅራቢ፣ ደብረ ማርቆስ፦

የሞጣው ባልደረባዬ መዘርጋት ያሉት መንገድ እንዳለ ወደ ክፍሌ ይገባል። መምህርት፣ በምርጫ ፈተናው ጉዳይ እውነት አለዎት፤ ነገር ግን ፈተናው የሚጠይቀው መለየትን ነው፣ እኛ ነጥብ የምንቀንሰው ግን ልጁ ስለ ገበያ ውሎው በጻፈው ድርሰት ላይ ነው። ሐሳቡን በሦስት መስመር መግለጽ የቻለ ልጅ በአራት ጭረት ሁለት ነጥብ ካጣ፣ በሚቀጥለው አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ይገላገላል። ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው፣ ነጥብ የሚቀነሰው በዚሁ ትምህርት ላይ በተሰጠ ፈተና ብቻ እንዲሆን፣ ማሳጠሩ በ5ኛ፣ ባለቤትነቱ በ6ኛ ክፍል እንዲሰጥ ነው። በቀይ መታረሙን አልቃወምም።

ወላጅ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመርበት፤ የታረመውን ልጆቹ አስተካክለው መልሰው እንዲጽፉት ይደረግ፣ መምህሩም መልሶ ይየው። ቀይ መስመር ተሰምሮ ብቻ ከተመለሰ ልጄ ደብተሩን ሳትገልጠው ነው ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው።